ከእሳቱ በፊት የሚነገር

በጡረታ የተሰናበትኩ ዕለት ባልደረቦቼ በእንጨት ላይ የተለጠፈ አንድ የከሰለ ቁራጭ ሰጡኝ። መጠኑ የእጅ መዳፍ ያህላል፤ ግማሹ ጥቁር፣ ግማሹ እንደ ቡሽ የፈዘዘ ቡናማ ነው። ባለቤቴ ሳሎን ውስጥ ከልጆቹ የምረቃ ፎቶግራፍ አጠገብ አስቀመጠችው። እንግዳ በመጣ ቁጥር ምንነቱ ይጠየቃል፤ እኔም «የሥራዬ ውጤት ነው» እላለሁ። አንድ ወዳጄ አገላብጦ ካየው በኋላ «ታዲያ ተቃጠለብህ ማለት ነው?» አለኝ። ጥያቄው እሱ ከገመተው በላይ ትክክለኛ ስለነበረ፣ በሚገባ ልመልሰው በማሰብ ይህን ጽሑፍ አዘጋጅቻለሁ።

ሌላም ምክንያት አለኝ። ሥራ ስጀምር ሰውን ወደ ጠፈር መላክ የመንግሥታት ሥራ ነበር። ጡረታ ስወጣ ግን ኦክላንድንና ሳን ሆዜን በያዘው በቤይ ኤሪያ የሚኖር ሰው ሁሉ ማለት ይቻላል ሮኬት ወይም ካፕሱል ከሚሠራ የግል ኩባንያ የተቀጠረ ጎረቤት፣ ወይም የጎረቤት ልጅ አለው። ይህ ለውጥ በከፊል የተከናወነው እኔ በምሠራበት ክፍል ውስጥ ነው። በኦክላንድ ያሉ ወዳጆቼ «የሮኬት ሰውዬ» ይሉኛል፤ እኔ ግን ሮኬት ነክቼ አላውቅም። የእኔ ድርሻ የጉዞው የመጨረሻ ጥቂት ደቂቃዎች ነበሩ። መንገደኞቹ የሚቀመጡበት ካፕሱል ወደ ምድር አየር ተመልሶ ሲገባ የሚገጥመውን ሙቀት አስቀድመን በምድር ላይ እንፈጥራለን፤ የሙቀት ጋሻውም ይችለው እንደሆነ እናያለን።

ወደ አሜሪካ የመጣሁት በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን መጨረሻ፣ ምሕንድስና እንዲማሩ ከተላኩት ተማሪዎች አንዱ ሆኜ ነው። ትምህርቴን ስፈጽም የላከኝ መንግሥት በሥልጣን ላይ አልነበረም። ኑሮዬን እዚሁ መሠረትኩና ኦክላንድ ውስጥ በአንድ የመንግሥት ጽሕፈት ቤት የቦይለር፣ ማለትም የእንፋሎት ማመንጫ ጋን፣ መርማሪ ሆኜ ተቀጠርኩ። የትምህርት ቤቶችን፣ የሆስፒታሎችንና የልብስ ንጽሕና መስጫዎችን ቦይለሮች እየዞርኩ እመረምር ነበር፤ ከሪችመንድ ወደብ አካባቢ እስከ ሬድውድ ሲቲ ያለውን መንገድ ያወቅሁት በዚያ ሥራ ነው። የመጀመሪያው አለቃዬ የሥራ ቀንን የሚለካው በተፈረሙ ፎርሞች ብዛት ነበር። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ቸኳይ ነበር። ከእሱ ይልቅ ያስተማሩኝ ቦይለሮቹ ናቸው፤ በተለይም ቧንቧን በእጅ ዳስሶ፣ እጅ የሚለውንና መለኪያው የሚለውን ማስተያየት የለመድኩት ከእነሱ ነው።

ወደ መንግሥት የጠፈር ምርምር ማዕከል ያስገባኝም ይኸው የእንፋሎት ዕውቀት ነው። ማዕከሉ ከፓሎ አልቶ ወደ ሳን ሆዜ ሲኬድ በባሕረ ሰላጤው ዳር ይገኛል። እዚያ ካሉት መሣሪያዎች አንዱ ኃይለኛ የኤሌክትሪክ ፍሰት በአየር ውስጥ እያሳለፈ፣ አየሩን ብረት ከሚቀልጥበት ደረጃ እጅግ አሳልፎ የሚያግል ማሞቂያ ነው። የጋለው አየር በጠባብ አፍ ተፈትልኮ ወደ አንድ ሰፊ የብረት ክፍል ይገባል። ካፕሱል የሚግልበት ከፍታ ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ፣ በክፍሉ ውስጥ ያለው አየርም አስቀድሞ ተመጥጦ መውጣት አለበት። አየሩን የሚመጠው በእንፋሎት የሚሠራ ግዙፍ መሣሪያ ሲሆን፣ እንፋሎቱን የሚያመነጨው ደግሞ ቦይለር ነበር። እኔ የተቀጠርኩት ለቦይለሩ ነው። ደመወዙ ከቀድሞው ብዙም አይበልጥም ነበር፤ ጡረታው ግን የፌዴራል ነው። ይህን ባለቤቴ ከእኔ ቀድማ አስባበት ነበር።

ከቦይለር ቤቱ አውጥቶ ወደ መቆጣጠሪያ ክፍሉ ያስገባኝ ሚስተር ሞሪታ ነው። ወላጆቹ ከጃፓን መጥተው በሳን ሆዜ ዙሪያ የአፕሪኮት እርሻ የነበራቸው ሰዎች ናቸው። አጭር፣ ሸሚዙ ሁልጊዜ የተተኮሰ፣ ሙከራ ላይ ፈጽሞ የማይቀመጥ ሰው ነበር። ማሞቂያው ከመነሣቱ በፊት የማቀዝቀዣ ውሃ የሚያልፍባቸውን ቧንቧዎች አንድ በአንድ በመዳፉ ይዳስሳል። አንድ ጠዋት እኔ ከቦይለሩ ወገን፣ እሱ ከማሞቂያው ወገን እየዳሰስን መጥተን መሃል ላይ ተገናኘን።

«ማን አስተማረህ?» አለኝ።

«ቦይለር።»

«ጥሩ አስተማሪ ነው» አለና በሳምንቱ አዛወረኝ።

ሥራው እንዲህ ነው። የጋሻው ናሙና በውሃ በሚቀዘቅዝ ክንድ ላይ ይታሰራል። መጀመሪያ ከመዳብ የተሠራ መለኪያ ወደ ጋለው ጅረት ይገባና የሙቀቱን መጠን ይነግረናል። ሙቀቱ ከታቀደው ጋር ሲስማማ ክንዱ መለኪያውን አውጥቶ ናሙናውን ያስገባል። በወፍራሙ መስታወት በኩል ሲታይ ናሙናው መጀመሪያ ይቀላል፤ ከዚያም ዓይን የሚወጋ ነጭ ይሆናል። የእኛ ዓይነቱ ጋሻ ሙቀትን የሚከላከለው ራሱ እየከሰለና እየተሸረሸረ ነው፤ የሚረግፈው ክፍል ሙቀቱን ይዞት ይሄዳል። ስለዚህ መቃጠሉ ጉድለት አይደለም። የእኛ ጥያቄ የት፣ ምን ያህል፣ በምን መልክ ተቃጠለ የሚል ነበር። ሲወጣ እንመዝነዋለን፤ በመጋዝ ለሁለት እንከፍለዋለን፤ ክሰሉ ምን ያህል እንደዘለቀም ከጎኑ እናነባለን።

ሞሪታ ከሁሉ አብልጦ የሚጠብቀው አንድ ልማድ ነበረው። እኛ ዙር እንለው ነበር። ናሙናው ከመግባቱ በፊት በክፍሉ ያለ ሰው ሁሉ የሚጠብቀውን ጮክ ብሎ ይናገራል፤ የት በይበልጥ እንደሚሸረሸር፣ ጠርዙ ምን እንደሚሆን፣ ስንጥቅ ይኖር እንደሆነ። የሚጀምረው ከሁሉ አዲሱ ሰው ነው፤ የሚጨርሰው ሞሪታ።

የመጀመሪያ ቀን ተራው የእኔ ነበር። ያደግሁት ታላቅ ሳይናገር ታናሽ አፉን በማይከፍትበት ቤት ነው።

«ደምሴ፣ ምን ትጠብቃለህ?»

«ሚስተር ሞሪታ በሚሉት እስማማለሁ።»

«እኔ እኮ ገና ምንም አላልኩም።»

ክፍሉ ሳቀ። እኔም እየተንተባተብኩ ግራ ጠርዙ ይሸረሸራል አልኩ፤ የተሸረሸረው ቀኝ ጠርዙ ሆነ። ሞሪታ ከሁሉም ሰው ይልቅ በእኔ መልስ ላይ ብዙ ጊዜ አጠፋ። ለምን ግራ እንዳልኩ ሲጠይቀኝ፣ ጅረቱ መሃል ለመሃል የሚመጣ እንዳልመሰለኝ ነገርኩት። ሄዶ ለካው፤ በእርግጥም በጥቂቱ ያዘነብል ነበር፣ የሚያዘነብለው ግን ወደ ቀኝ ነው። «ናሙናው ከወጣ በኋላ ሁሉም ሰው እንደዚያ አስቦ እንደነበር ያስታውሳል» አለኝ። «ከመግባቱ በፊት የተናገረ ግን የት ላይ እንደተሳሳተ ያውቃል። እኔን የሚጠቅመኝ እሱ ነው።»

አንድ ሌላ ጠባይም ነበረው። ዙሩ ሲካሄድ ለሰዉ ጀርባውን ሰጥቶ፣ በመስታወቱ በኩል ባዶውን የብረት ክፍል ይመለከታል። ሰው ሲያናግርህ ጀርባ መስጠት በእኛ ዘንድ ምን ማለት እንደሆነ ለአንባቢ ማስረዳት አያስፈልገኝም። የሰውዬው ዓመል ነው ብዬ ተውኩት። እሱ ጡረታ ወጥቶ ኃላፊነቱን ስረከብ ዙሩን እንዳለ ወረስኩ፤ ይህቺን ብቻ አረምኩ። ሰው ሲናገር ፊቴን ወደ እሱ አዞራለሁ፤ እንዲበረታታም ራሴን እየነቀነቅኩ አደምጠዋለሁ።

በፈረንጆች አቆጣጠር በ2003 የመንግሥት መንኮራኩር ከነሰባት ሰዎቿ በመመለስ ላይ እንዳለች ጠፋች። ያን ሰሞን በመቆጣጠሪያ ክፍላችን ለረጅም ጊዜ ቀልድ አልተሰማም። ቀጥሎም መንኮራኩሮቹ እንዲገለሉ ተወሰነ፤ ጭነትን፣ በኋላም ሰውን ወደ ምሕዋር የማድረሱ ሥራ በውል ለግል ኩባንያዎች መሰጠት ጀመረ። ኩባንያዎቹ መሣሪያው ስላልነበራቸው ወደ እኛ መጡ።

አብዛኞቹ ሠራተኞቻቸው በልጆቼ ዕድሜ ያሉ ነበሩ። እኛ በዓመት የምንወስነውን በሳምንት ይወስናሉ። እኛ የምንሳሳለትን ናሙና እነሱ ሆን ብለው ይሰብሩታል፤ ሰብረውም ይማራሉ። ይህን በቅንነት መመስከር ይገባኛል። አነጋገራቸው ግን ለጆሯችን አዲስ ነበር። እኛ ተልዕኮ የምንለውን ምርት ይሉታል፤ ጠፈርተኛ የምንለውን ደንበኛ። ምሳ ላይ በምሕዋር ስለሚሠራ ሆቴልና በማርስ ስለሚቆረቆር ከተማ፣ ሰው ስለ ቤት እድሳት በሚያወራበት ድምፅ ያወራሉ። አልሳቅኩባቸውም፤ አላመንኳቸውምም። ማርስም የሚሄድ ሰው መመለስ ከፈለገ ጋሻው በእኔ ክፍል ማለፍ ነበረበት።

ከኩባንያዎቹ አንዱ፣ ስሙን መጥቀስ አያስፈልገኝም፣ ጥቂት መንገደኞችን አሳፍሮ ምድርን ዞሮ የሚመለስ ካፕሱል ይሠራ ነበር። የጋሻው ሥራ ኃላፊ ብራንደን የሚባል ፈጣን፣ ጨዋና ስልኩን ከእጁ የማያስቀምጥ ሰው ነው። ካመጣቸው መሐንዲሶች መካከል ከሁሉ ታናሿ ደረቴ ላይ ያለውን መታወቂያ አንብባ «ጋሽ ደምሴ?» አለችኝ። የቀረውን በእንግሊዝኛ ቀጠለች። «አባቴ ሰይድ ነው። ሳን ሆዜ፣ ሊሞ የሚነዳው።»

ሰይድን የማያውቅ የለም። የወሎ ሰው ነው፤ ከእኛ ሰው ግማሹን በኪራይ መኪናው ኤርፖርት ያደረሰው እሱ ነው። ልጁ ሐያት እዚሁ ተወልዳ፣ አማርኛ እየሰማች በእንግሊዝኛ እየመለሰች ያደገች ናት። ከአማርኛዋ ሳይጎድል የቀረው «ጋሼ» የሚለው ነበር፤ በዓረፍተ ነገሩ ሁሉ ትጨምረዋለች። ሥራዋ መጋጠሚያው ነበር። የካፕሱሉ ጋሻ አንድ ወጥ አይደለም፤ ከብዙ ቁራጮች የተገጣጠመ ነው። በቁራጮቹ መካከል ያለው ቀጭን ክፍተት በመሙያ ይደፈናል። ትኩስ አየር መግቢያ ቢያገኝ የሚያገኘው በዚያ ነው።

ዋናው ሙከራ የተደረገ ዕለት አለቃዬ ሊንዳ ወደ እኔ ጠጋ ብላ «ደምሴ፣ ዙሩን አሳጥረው፤ ደንበኞቻችን ሚቲንግ አላቸው» አለችኝ። አላሳጠርኩም። ሐያትን ጠርቼ ምን እንደምትጠብቅ ጠየቅኋት። ብራንደንን አየችው፤ ከዚያ እኔን አየችኝ። እንድትደፍር ብዬ ፈገግ አልኩላት።

«በስሌቱ መሠረት ይሆናል፣ ጋሼ» አለች።

የቀሩትም ያንኑ ደገሙ። ናሙናው ገባ፤ ነጭ ሆነ፤ ወጣ። መጋጠሚያው እንደተደፈነ ነበር። የኩባንያው ሰዎች አጨበጨቡ። በእኛ ክፍል ማጨብጨብ አልተለመደም፤ ግን ማንም አልከለከላቸውም። ሪፖርቱም ሙቀት በመጋጠሚያው በኩል አላለፈም ብሎ ወጣ።

ካፕሱሉ ሰው ሳይዝ በረረ። በወንበሮቹ ላይ የሰው ቅርጽና ክብደት ያላቸው ምስሎች ታስረው ነበር። ምድርን ዞሮ ተመለሰ፤ ፓራሹቱ ተከፈተ፤ ውቅያኖስ ላይ አረፈ። ጋዜጦች የግል ጠፈር ዘመን ተጀመረ ብለው ጻፉ። ካፕሱሉን ከባሕር ያነሣው መርከብ ወደብ ሲደርስ ግን በአንደኛው ወንበር ሥር ቀዳዳ ተገኘ። ትኩስ አየር በመጋጠሚያው ገብቶ የወለሉን ብረት በልቶ፣ የምስሉን አንድ እግር አቅልጦት ነበር። ፎቶግራፉን አይቼዋለሁ። ምስሉ ቀበቶውን እንደታጠቀ፣ ፊቱ ላይ አንዳች ሳይታይበት ተቀምጧል። በሚቀጥለው በረራ በዚያ ወንበር የሚቀመጠው ሰው ስሙ ሳይቀር ታውቆ ነበር።

ምክንያቱን ለማግኘት ብዙ አልፈጀብንም። ናሙናው የተቆረጠው መጋጠሚያው ጅረቱን አቋርጦ እንዲያልፍ ተደርጎ ነው። በካፕሱሉ ላይ ግን በዚያ ቦታ መጋጠሚያው ከጅረቱ ጋር በአንድ አቅጣጫ ይሄዳል፤ ትኩሱ አየር እንደ ቦይ ተከትሎት ይፈስሳል። የሞከርነውና የበረረው አንድ አልነበሩም። በሙያዬ ከገጠመኝ ሁሉ የከበደው ይህ ነው፤ ምክንያቱም መሣሪያው፣ መለኪያውና ሪፖርቱ ሁሉም ትክክል ነበሩ።

ሐያትን መኪና ማቆሚያው ላይ አገኘኋት።

«ናሙናው በምን አቅጣጫ እንደተቆረጠ ታውቂ ነበር?»

«አውቅ ነበር፣ ጋሼ።»

«ታዲያ በዙሩ ላይ ለምን አልተናገርሽም?»

የመኪናዋን ቁልፍ ወደ ኪሷ መለሰች። ከዚያ፣ እኔ እስከማውቀው ለመጀመሪያ ጊዜ፣ በአማርኛ መለሰችልኝ። «ፈገግ አሉ። ደስ ብሎዎታል መሰለኝ። አባዬ ፈገግ ሲል… ወሬው አልቋል ማለት ነው።»

በዚያው ሳምንት ሞሪታን ልጠይቅ ሄድኩ። ከወላጆቹ እርሻ የተረፈው በጓሮው ያለ አንድ የአፕሪኮት ዛፍ ነው። ጠረጴዛ አውጥቶ ፍሬውን በቢላ እየከፈለ ለማድረቅ ይደረድራል። የሆነውን ነገርኩት።

«ዙሩን ትታችሁት ነው?»

«አልተውነውም።»

«ማን ጀመረ?»

«አዲሷ መሐንዲስ።»

«አንተ የት ቆመህ ነበር?»

«ፊት ለፊቷ።»

ቢላውን አስቀመጠ። «ያን ሁሉ ዓመት ጀርባዬን ስታይ ኖረሃል፤ ለምን እንደሆነ አንድ ቀን አልጠየቅኸኝም።»

«ነውር መስሎኝ አለፍኩት።»

«ነውር ነው እንጂ። እናቴ ብታየኝ ትቆጣኝ ነበር።» አንድ ፍሬ ከፍሎ ግማሹን ሰጠኝ። «ፊቴን ካዩ እኔ የማስበውን መልሰው ይነግሩኛል። እኔ የማስበውን አውቀዋለሁ፣ ደምሴ። ያልነበረኝ የእነሱ ነው።»

ኩባንያው አዲስ ናሙና አዘጋጀ። በዚህኛው መጋጠሚያው ከጅረቱ ጋር ይሄዳል፤ መሙያውም እንዲወፍር ተደርጓል። ብራንደን ዕቅዱን አልሸሸገም፤ ይህ ከተሳካ በሚቀጥለው በረራ ሰው ይሳፈራል። ካልተሳካ በረራው ለረጅም ጊዜ ይገፋል፤ የመጋጠሚያው ሥራም ለሌላ ድርጅት ተሰጥቶ እነ ሐያት ይሰናበታሉ። የመሰናበታቸውን ነገር ግን ከብራንደን ሳይሆን ከሰይድ ነው የሰማሁት። የዒድ ምሳ ጠርቶኝ፣ ሰዉ ሲበተን በር ላይ አስቀረኝ።

«ጋሽ ደምሴ፣ እኔ ሰው ኤርፖርት አደርሳለሁ፣ ሻንጣውን አወርዳለሁ፣ እሄዳለሁ። ይመለስ አይመለስ የእኔ ጣጣ አይደለም። የዚች ልጅ ሥራ ግን የመመለሻው ነው አሉ።»

«ነው።»

«እና ደኅና ነው? ሰው ይቀመጥበታል?»

«አላውቅም፣ ሰይድ።»

«አላውቅም? የመንግሥት ሰውም አላውቅም ማለት ጀመረ?» ሳቀና ወዲያው ሳቁን ተወው። «ቤት ስትመጣ አትበላም። ምን ሆንሽ ስላት ‹አይም ፋይን› ትለኛለች። ‹ፋይን› ስትል ደኅና እንዳልሆነች እንኳን እኔ፣ ጎረቤትም ያውቃል። የምታውቀው ነገር አለ መሰለኝ። ብትናገር ሥራዋን ታጣለች፤ ባትናገር ደግሞ… እርስዎ ይንገሩኝ።»

ተሰናብቼው ወጣሁ። ስለ ናሙናው ምን እንደምታስብ ሐያትን ለብቻዋ ጠርቼ ልጠይቃት እችል ነበር፤ ያን ጊዜ ግን የምትነግረው ለአባቷ ወዳጅ ይሆናል። ክፍሉ ውስጥ፣ በሁሉ ፊት፣ በተራዋ መናገር ነበረባት።

በሙከራው ዕለት ቧንቧዎቹን ዳስሼ፣ መለኪያው ከታቀደው ጋር መስማማቱን አይቼ፣ ሁሉም ሰው ፊቱን ወደ መስታወቱ እንዲያዞር ጠየቅሁ። ሊንዳ አየችኝና ዞረች።

«ይኼ ደግሞ ምን ዓይነት ሥርዓት ነው?» አለ ብራንደን።

«የክፍሉ ደንብ ነው» አልኩት። ደንብ አልነበረም፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን ሆነ። ስልኩን ኪሱ ከትቶ ዞረ። እኔም ለሰይድ ልጅ ጀርባዬን ሰጠሁ። ለእኔ ቀላል አልነበረም፤ አንገቴ በራሱ ጊዜ ሊዞርብኝ ይፈልግ ነበር።

«ሐያት፣ ምን ትጠብቂያለሽ?»

በመስታወቱ ላይ የፊታችን ነጸብራቅ እንዳይታያት ይመስለኛል፣ ወደ ኋላ ፈቀቅ ስትል ጫማዋ ተሰማኝ።

«ይከፈታል» አለች። «አየሩ በሚወጣበት በኩል፣ ጫፉ ላይ። መሙያው ሲከስል ይኮማተራል።»

ብራንደን ዞረ። «ይህን ለእኔ አልነገርሽኝም።»

«ሁለቴ ነግሬሃለሁ። ሁለቴም ስልክ ላይ ነበርክ።»

«ዙሩ አላለቀም» አልኩ። «ወደ መስታወቱ።»

ከእሷ ቀጥሎ የተናገረው መሐንዲስ እሱም ይከፈታል አለ። ሌላው ይይዛል አለ። ብራንደን ተራው ሲደርስ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «እንዲይዝ እፈልጋለሁ» አለ፤ ምን እንደሚጠብቅ ብጠይቀው «አላውቅም» ብሎ መለሰ። እኔ መጨረሻ ላይ ከሐያት ጋር ተስማማሁ።

መጋጠሚያው ተከፈተ። የተከፈተው ግን ጫፉ ላይ አልነበረም፤ መሃሉ ላይ ነው። ናሙናው ቀዝቅዞ ሲወጣ ሐያት ከሁላችን ቀድማ ጎንበስ ብላ ጫፉን አየች፤ ደኅና ነበር። «ተሳስቻለሁ» አለች፤ ፊቷ ላይ ያየሁት ግን ኀፍረት አልነበረም። «መሙያው ቢሆን ኖሮ ጫፉ ይቀድም ነበር። ሌላ ነገር ነው።» በመጋዝ ከፍለን ስናየው ከመሙያው ሥር ያለው ማጣበቂያ መሃል ላይ ለቅቆ፣ ቁራጮቹ እርስ በርስ ተራርቀው ነበር። አስቀድማ ጫፉ ብላ ባትናገር ኖሮ ሁላችንም መሙያውን እንወቅስ ነበር፤ ኩባንያውም መሙያውን ለውጦ፣ ማጣበቂያውን እንዳለ ትቶ፣ ሰው ያሳፍር ነበር።

ብራንደን የተከፈለውን ናሙና በሁለት እጁ ይዞ አገላበጠው። ቸኳይ ሰው ነበር፤ የሚያየውን የሚክድ ግን አልነበረም። ስልኩን አወጣና ሁላችንም እየሰማን ለአለቃው ደወለ። «ሰው አይሳፈርም» አለ። ከወዲያ በኩል ብዙ ተባለ። «አይደለም፣ መሙያው አይደለም። ለምን እንደሆነ ታስረዳሃለች» ብሎ ስልኩን ለሐያት ሰጣት። እነ ሐያት አልተሰናበቱም።

ቁራጮቹ ዳግመኛ ተነደፉ። በአዲሱ ንድፍ እንደ ጣሪያ ቆርቆሮ አንዱ የሌላውን ጠርዝ ይደርባል፤ ቀጥ ያለ ቦይ የለም። ሥራው ብዙ ጊዜ ወሰደ። በመካከሉ በኩባንያው ላይ ገንዘብ ያፈሰሱ ሰዎች ትዕግሥታቸው አለቀ፣ ሌሎች ኩባንያዎች ቀደሙ፣ ብራንደንም ወደ ሌላ ሥራ ሄደ። ካፕሱሉ እንደገና ያለ ሰው በርሮ ሲመለስ ከወንበሮቹ ሥር ያለው ብረት ቀለሙ እንኳ አልተለወጠም። ከዚያ በኋላ ጡረታ ወጣሁ። በሳሎኔ ያለው ቁራጭ የዚያ የተከፈተው ናሙና ግማሽ ነው። ለወዳጄ ጥያቄ መልሱ ይኸው ነው፤ አዎን፣ ተቃጥሎብናል።

ባለፈው ሰሞን ሐያት ደወለችልኝ። ሰዎች ከመሳፈራቸው በፊት የሚደረገው የመጨረሻ የመጋጠሚያ ሙከራ መሆኑን ነግራኝ፣ እንግዳ ሆኜ እንድገኝ ጠየቀችኝ። አሁን የሥራው ኃላፊ እሷ ናት። ሰይድ ካላደረስኩዎት ብሎ በሊሞው መጣ።

«ዛሬ ሻንጣ የለም?» አለኝ።

«የለም።»

«እንግዲያው መመለስዎን እጠብቃለሁ» ብሎ በማዕከሉ በር ላይ መኪናውን አቆመ።

የእንግዳ መታወቂያ ደረቴ ላይ ለጥፌ፣ ለዓመታት በሠራሁበት ክፍል ጥግ ላይ ቆምኩ። ቦይለሩ በአዲስ ተተክቷል፤ ቧንቧዎቹ ግን የድሮዎቹ ናቸው። ሳይታወቀኝ አንዱን ዳሰስኩት። ሐያት መለኪያውን አይታ ሠራተኞቹን ወደ መስታወቱ አዞረችና ወደ እኔ መጣች። አማርኛዋን አስቀድማ ያዘጋጀችው ይመስላል።

«ዙሩን የሚጀምረው አዲስ ገቢ ነው። ዛሬ አዲስ ገቢው እርስዎ ነዎት፣ ጋሼ።»

ይህን ብላ ጀርባዋን ሰጠችኝ። አባቷ ቢያይ ምን እንደሚል አሰብኩ። ናሙናው በክንዱ ላይ ታስሮ፣ የተደራረበው ጠርዙ በመስታወቱ በኩል በግልጽ ይታያል። ጥቂት ሰዎች በዚያ ጠርዝ ላይ ተቀምጠው ሊመለሱ ነው።

«መሃሉ ይይዛል» አልኩ። «የምጠራጠረው የላይኛውን ጠርዝ ነው።»

አልዞረችም።